የዘጠኝ ሴቶች ሰፌድ

ባለፈው ሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት ልጅ እርጥብ ዘንባባ እየሰነጠቀች ቀለበት ስትሠራ አገኘኋት። አንዱን ተቀብዬ ጣቴ ላይ ላጠልቅ ስል ሽታው መጣ። ውሃ ውስጥ የዋለ ቅጠል ሽታ ነው፤ ለሌላው ሰው በዓል በዓል ይሸተዋል። እኔን ግን ቅናት ቅናት ሸተተኝ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኩዌት፣ ወደ ሐዋሊ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደነበረው ቤታችንና ከመታጠቢያ ቤቱ ወደማይጠፋው ሰማያዊ ባልዲ መመለስ አለብኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። አገር ቤት ሚሌኒየም ሊገባ ወራት ስለቀሩት ስልክ የደወለ ሁሉ ስለሱ ያወራል። አባቴ ፋሐሂል አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ዓርብ እንኳ አያርፍም። እናቴ ሳሎናችን ውስጥ ሁለት የስፌት ማሽን አስቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። እኔ ከመወለዴ በፊት እሷም ሰው ቤት ሠርታለች። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ማዳሞቻቸው የፈቀዱላቸው ሴቶች መጥተው የሚያርፉት እኛ ቤት ነበር፤ ወሎዬዋም፣ ጎጃሜዋም፣ የምትሰግደውም፣ የምትጾመውም።

እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ያለው ጠዋት ግን የኔ ነበር። እናቴ ወንበር ላይ፣ እኔ እግሮቿ መሃል ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ጸጉሬን ትሠራኛለች። ማሽኖቹ ዝም ይላሉ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልብስ ላይ የነበረችው እናቴ ለሁለት ሰዓት ያህል የኔ ብቻ ትሆናለች። ይህን የሚነካብኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እናቴና ጓደኞቿ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ለስለስ ሲል፣ «የጥበብ ቀን» የሚሉትን ነገር ያዘጋጁ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም። የሕንፃችን ባለቤት ሲርዳቡን ይፈቅድላቸዋል፤ ሲርዳብ እዚያ ከምድር በታች ያለውን ሰፊ ክፍል ነው የሚሉት። የምትስል ትስላለች፣ የምትጠልፍ ትጠልፋለች፣ ግጥም ያላት ታነባለች። ምንም የሌላት ወንበር ትደረድራለች።

ያን ዓመት እናቴ አዲስ ሐሳብ አመጣች። «አንድ ሰፌድ ለዘጠኝ እንስፋ» አለች። ሴቶቹ ሳቁባት። ስንደዶና አክርማ ኩዌት ከየት ይመጣል? እሷ ግን አስባበት ነበር። የመንገድ ሠራተኞች ዘንባባ ሲከረክሙ የሚጥሉትን ቅጠል ለቅመን በሰማያዊው ባልዲ ዘፈዘፍነው። ለቀለሙ የሱቅ ፌስታል በቀጭን በቀጭኑ ተቀደደ፤ ቀዩ ከጫማ መደብር፣ ቢጫው ከዳቦ ቤት፣ ጥቁሩ ከቆሻሻ ከረጢት።

ደንቡ እንዲህ ነበር። አንዷ ሰፌዱን ይዛ ወደምትሠራበት ቤት ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት እሷ ዘንድ ይቆያል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ ማዳም ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ፣ በተገኘው ክፍተት ሁለት ጣት የሚሞላ ዙር በራሷ ቀለምና በአገሯ ጥለት ትሰፋና ለቀጣይዋ ታስረክባለች። ዓርብ መውጣት ከተከለከለች ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ በጓሮ በር ታቀብላለች። ሰፌዱ እንዲህ እያለ፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ከማንጋፍ ሐዋሊ፣ ከሐዋሊ ጃብሪያ ሲዞር ከረመ። እናቴ ባየችው ቁጥር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ትላለች።

«የኔስ ዙር?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ምን ዙር አለሽ?»

«እኔም ልስፋ።»

«ያንቺ እጅ ገና ነው የኔ ልጅ። ከላላ የሌሎቹን ልፋት ይዞት ይወርዳል። የከርሞ ሰው ይበለን።»

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ዘሃራን ነው።

ዘሃራ ከሃያ ዓመት አትበልጥም። ከወሎ፣ ከከሚሴ አካባቢ ነው የመጣችው፤ ጃብሪያ አንድ ቤት ትሠራለች፤ ዕረፍቷ በሁለት ሳምንት አንድ ዓርብ ነው። አወራሯ ዝግ ያለ፣ እጇ ግን ለዓይን የማይያዝ። ሰፌድ ሲጀመር ከባዱ መሃሉ ነው፤ እሱ ከተወላገደ የቀረው አይቃናም። ስምንቱ ሴቶች ሞክረው ሞክረው ሲያቅታቸው ዘሃራ ከሻንጣዋ ወስፌዋን አወጣችና፣ ሻይ ተቀድቶ ሳይጠጣ፣ ሳንቲም የሚያህል ድፍን ክብ አሳየቻቸው። እናቴ ክቡን አገላብጣ አየችና እጇን ሳመቻት። «የጀመረ ይጨርሰው፤ የመጨረሻውም ዙር ያንቺ ነው» አለቻት።

እጇን ነው የሳመቻት! የኔን እጅ እናቴ የምትይዘው መንገድ ስታሻግረኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ የዘሃራ ዓርብ በመጣ ቁጥር እኔ እዬዬ ነው። አንድ ጠዋት ጸጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ የበሩ ደወል ጮኸ። እናቴ «አንዴ ቆዪ» ብላ ተነሳች። ያ አንዴ እስኪመሽ ቆየ። ግማሽ ራሴን ይዤ በሴቶቹ ፊት ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ ሆን ብዬ ነው፣ እናቴ አይታ እንድታፍር። አላየችኝም። ያየችኝ ዘሃራ ነች። «ነይ እኔ ልጨርስልሽ እህቴ» አለችኝ። ከምትነካኝ ብላጭ ይሻለኛል ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

ከምትሠራበት ቤት ቸኮሌት ታመጣልኝ ነበር። እቀበላታለሁ፣ ግን አመሰግንሻለሁ ላለማለት ወዲያው እሮጥና ባልዲው አጠገብ ቆሜ እበላዋለሁ። ጥሩ ቸኮሌት ነበር። ጥሩነቱም ያናድደኝ ነበር።

ይባስ ብሎ አረንጓዴው ጨርቅ መጣ። እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ነጫጭ አበባ ያለው ጨርቅ ነው፤ ለፋሲካ የኔ ይሆናል ብዬ በልቤ ሰፍቼ፣ በልቤ ለብሼ ጨርሼዋለሁ። አንድ ዓርብ እናቴ አወጣችውና ዘሃራን አቁማ መለካት ጀመረች። ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ የእጅጌዋን ርዝመት። «ሰፌዱን ይዘሽ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ፤ በዚያ በአሮጌ ቀሚስ አትቆሚም» አለቻት። ቀጥላም ክር እየጎተተች «ውልሽ ሲያልቅ እኛ ጋ ትመጫለሽ፤ ሁለተኛው ማሽን ሰው ይፈልጋል» አለች።

እኛ ጋ ትመጫለሽ። ልብስ የሚሰፋላት፣ እጇ የሚሳም፣ «ልጄ» የምትባል ሴት እኛ ጋ ልትመጣ ነው። የዚያን ቀን የቤታችንን አልጋዎች ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው፤ የእናትና አባቴ፣ እና የኔ። ሦስተኛ አልጋ ማስገቢያ ቦታ እንደሌለ በእርምጃ ለካሁ። ስለዚህ አንዳችን እንወጣለን ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የእናቴን አያያዝ ሳየው የምወጣው እኔ መሰለኝ።

አሁን ስለ ስልኩ ልናገር። እኔ የምማረው በዐረብኛ ነበር፤ አፌም እንደ አገሬው ልጅ ነው። ሴቶቹ ፈቃድ ሲፈልጉ ራሳቸው ከሚጠይቁ እኔ ብደውል ይሻላል ይሉ ነበር፤ ማዳሞቹ ልጅ «ኻለቲ» ስትላቸው ልባቸው ይራራል። ኻለቲ አክስቴ እንደማለት ነው። «ኻለቲ፣ እንደምን አለሽ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው? እማዬ ሰላም ብላለች» እላለሁ፣ ከዚያ ፈቃዱን እጠይቃለሁ። እምቢ ያሉኝ ማዳሞች ጥቂት ናቸው። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር፤ ከሰፌዱ ያገኘሁት ድርሻ እሱ ብቻ ነበር።

የጥበብ ቀን መጀመሪያ የተቆረጠው የዘሃራ ዕረፍት በሚውልበት ዓርብ ነበር። በመሃል ግን የአስካለ ነገር መጣ። አስካለ ከዘጠኙ አንዷ ናት፤ ማንጋፍ የምትሠራ፣ በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጥ የጎጃም ሴት። አራተኛው ዙር፣ ቀይና ጥቁሩ፣ የሷ ነው። ውሏ አልቆ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ትኬቷ ተቆረጠ፤ የምትበረው የጥበብ ቀን ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሆነ። «ያለቀውን ሳላየው ልሄድ ነው?» ስትል እናቴ አላስጨረሰቻትም። «አንድ ሳምንት እናስቀድመዋለን» አለች። ለሁሉም ተነገረ። ያልሰማችው ዘሃራ ብቻ ነበረች፤ ስልክ የላትም፣ የመጨረሻውን ዙር ልትሰፋ ሰፌዱን ይዛ ሄዳለች፣ የተቀደመው ዓርብም የዕረፍት ቀኗ አይደለም። ስለዚህ ለማዳሟ መደወል የኔ ሥራ ሆነ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ማሽኑ ላይ ነበረች። አረንጓዴውን ቀሚስ እየዘመዘመች «የዘሃራን ማዳም ደውዪላት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ደወልኩ። ማዳም ራሷ አነሳች። ሰላምታዬን አደረስኩ፣ ልጆቿን ጠየቅኩ። ከዚያ ዓይኔ ቀሚሱ ላይ አረፈ። እናቴ ጠርዙን በጥርሷ ክር እየበጠሰች ታሳምረዋለች፤ ፈገግ ብላለች፣ ለጨርቅ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

«ኻለቲ፣ ዘሃራ የዚህን ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓርብ እንድትመጣ ነው» አልኩ።

«እሱማ የራሷ ቀን ነው። ምን ያስጠይቃል?» አለች ማዳም።

«ለማስታወስ ነው ኻለቲ። በዓሉ ያን ቀን ነው።»

«እነግራታለሁ የኔ ልጅ። እናትሽን ሰላም በያት።»

ማሽኑ ይጮሃል፤ እናቴ ምንም አልሰማችም። «ምን አለች?» አለችኝ።

«እሺ ብላለች» አልኩ።

ሰፌዱስ? ትሉ ይሆናል። አስቤበታለሁ። ቁም ሣጥኑ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ነገር ነበር። ሰፌዱ አልቆ በጓሮ በር ተመልሷል፣ እናቴ ደብቃ ያስቀመጠችው ለማስደነቅ ነው ብዬ አመንኩ። እንግዲህ ዘሃራ ከሌለች፣ ሰፌዱን ይዞ ከእናቴ ጋር ፊት የሚቆም ማን ይሆናል? ጸጉሬን ሐሙስ ዕለት ሙሉውን አሠራሁ።

ዓርብ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ሲርዳብ ያህል ያማረ አዳራሽ አላውቅም። የልብስ ማስጫ ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሮ ሥዕሎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል፤ ሁሉም በማቀዝቀዣ ካርቶን ጀርባ ላይ የተሳሉ ናቸው። አንዷ የእናቷን ቤት በር ብቻ ነው የሳለችው፤ ሰው የለበትም፣ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ስለ ማዳምና ስለ አስቀጣሪ ቢሮ የተሠራ አጭር ቲያትር ነበር፤ ማዳሟን የሆነችው ሴት መነጽር በአፍንጫዋ ጫፍ አድርጋ በጣቷ አቧራ ስትፈልግ ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ሁለት ሴቶች አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው መንገድ የማያውቁትን ይቀበላሉ። ሌሎቹ ከጠዋት ጀምረው ወለሉን አጥበዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል አጥበው በዕረፍታቸው ቀን ደግሞ ወለል ማጠባቸው ያኔ አልገረመኝም።

መሃል ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ አንድ ምስማር ተመትቷል። የሰፌዱ ቦታ ነው። ስምንቱ ሴቶች በየተራ እየመጡ ያችን ምስማር ያያሉ። አስካለ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከምስማሯ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ዘሃራ ቆየች» አለች እናቴ።

«ሰፌዱ ቤት አይደል እንዴ?» አልኳት። «ቁም ሣጥኑ ላይ።»

«እሱ ጣፋጭ የሚቀርብበት ትሪ ነው። ሂጂ አምጪው እንዲያውም።»

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ጨርቁን ፈታሁት። ትሪ ነው። ዳሩ ላይ ጽጌረዳ ያለበት የቆርቆሮ ትሪ ነው። ይዤው ስወርድ እናቴ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝና ስልኩን ሰጠችኝ። ደወልኩ፤ አሁን የምሬን ነው የደወልኩት። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ዓርብ ነው፤ ቤተሰቡ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዷል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ መመለስ ነበረባቸው፤ ሁሉም የሰዓት ገደብ አለባቸው። ያኔ ነው ወሬው የጀመረው። «ማዳሟ እሺ ብላ ሳለ ለምን ቀረች?» «ሸጣው ይሆናል።» «አደራ በላች እንጂ ሌላ ምን!» የእናቴ ፊት ቀስ በቀስ ሲጠቁር አየሁ። እኔ ትሪውን ይዤ ጣፋጭ አዞራለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። የኔን ጥፋት ዘሃራ ላይ ሲለጥፉት ዝም አልኩ።

አስካለ መጨረሻ ላይ ተነሳች። ወደ ምስማሯ ሄዳ አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ አራተኛው ዙር የሚደርስበትን ቦታ እየገመተች መሰለኝ።

«ፎቶ እንልክልሻለን አስኩዬ» አለቻት እናቴ።

«ፎቶ ምን ያደርግልኛል? በእጄ ይዤ ላየው ነበር እንጂ» አለች። ሳመችንና ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ሰኞ በረረች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ አልቀለለም። ያን ሳምንት እናቴ ማሽኑ ላይ ስታንጎራጉር አልሰማኋትም፤ አረንጓዴውን ቀሚስ አጣጥፋ ወንበር ሥር ወረወረችው። እናቴ ዘሃራን ጠልታልኝ ነበር። ስመኘው የከረምኩት ተሳካ፣ ግን ምን ላድርገው? እኔንም አላየችኝም።

በሚቀጥለው ዓርብ ገና ጸጉሬን ስትፈታ ደወሉ ጮኸ። ዘሃራ ነበረች። እጆቿ ላይ ሂና አድርጋለች፣ ጥቁሩን ፌስታል እንደ ሕፃን አቅፋለች።

«ዘገየሁ እንዴ እትዬ? ሲርዳቡ ተቆልፎ አገኘሁት» አለች።

እናቴ በሩ ላይ እንደቆመች ነው የተናገረችው። «ዛሬ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሰው ሁሉ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ባዶ ግድግዳ አይቶ ሄደ! አስካለ ሄደች፣ ሰኞ ሄደች። እኔ ልጄ ብዬ አምኜሽ፣ አንቺ አደራ ትበያለሽ?»

ዘሃራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ወላሂ እትዬ፣ ማዳም የነገረችኝ...» ብላ ጀመረች። ከዚያ ቆመች። በእናቴ ጎን አሻግራ እኔን አየችኝ። ማን እንደደወለ ታውቃለች፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«ቀኑን ተሳስቼ ነው እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

መልካም ሴት ነበረች ብዬ ልለፈው እችላለሁ፤ ያኔ ግን የተሰማኝ እንደዚያ አልነበረም። በስፌት በለጠችኝ፣ በቀሚስ በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ የኔን ጥፋት ተሸክማ በደግነትም ልትበልጠኝ ነው! እናቴ አንድ ቀን እውነቱን ብትሰማ ለዘላለም የምትወደው እሷን ነው። ይህን አልፈቅድላትም አልኩ። ጸጸት ሳይሆን ይህ ነው አፌን የከፈተው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለማዳሟ ቀኑን ቀይሬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ግን ወደኔ አልመጣችም። ዘሃራ ፊት ቆማ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘቻት። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» እያለች ግንባሯን፣ ጉንጯን ሳመቻት። ፌስታሉ ወድቆ ሰፌዱ ግማሹ ወጣ፤ ከመሃሉ እስከ ዳሩ ዘጠኝ ቀለም፣ አንድም የላላ የለውም። ሁለቱም አለቀሱ።

ዘሃራ በእናቴ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አንድ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ከሂናው ሥር ጣቶቿ በወስፌ ተበሳስተዋል። እጇን አልያዝኩትም። ጸጉሬ ተበትኖ ምንጣፉ ላይ ቆሜ የእናቴን ጀርባ አየሁ፤ ጥፋቱ የኔ፣ ልቅሶው በኔ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ ያ እቅፍ የኔ በሆነ ብዬ ቀናሁ።